ለቴክኒካል ዳይቪንግ የትኛውን ኮምፒውተር ልግዛ? የምጠልቀው ጅቡቲ፣ ቤቴ ደብረ ብርሃን

በሬሳ_ማዶ፣ ኅዳር 18 ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጠባሴ ነው ያደግኩት። ጅቡቲ ትራንዚት ቢሮ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ዳይቪንግ የተማርኩትም እዚያው ነው። እስካሁን 112 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የቴክኒካል ኮርስ እጀምራለሁ። እስከ 45 ሜትር ወርጄ፣ እየቆምኩ እየቆምኩ ነው የምወጣው። ለመውጫ 50 በመቶ ኦክሲጅን ያለው ሁለተኛ ሲሊንደር እይዛለሁ።

አሁን ያለኝ የጠለቃ ኮምፒውተር (እጅ ላይ ታስሮ ጥልቀቱን፣ ጊዜውንና መቆሚያውን የሚያሰላው ዕቃ) ለመዝናኛ ዳይቪንግ የተሠራ ነው። ስሙን አልጠራም። ባለፈው ወር 36 ሜትር ላይ ትንሽ ቆየሁና 3 ሜትር ላይ የአምስት ደቂቃ መቆሚያ ሰጠኝ። ማዕበሉ ግን እያነሳ ይጥለኛል። አንዴ 2 ሜትር፣ አንዴ 4 ሜትር። ቁጥሩ የምስር ፍሬ ነው የሚያክለው፤ መነጽሬ ላይ ጭጋግ ገብቶ ጭራሽ አልታይ አለኝ። በመጨረሻ የስህተት ምልክት አወጣና ተቆለፈ። ለ48 ሰዓት ከጥልቀትና ከሰዓት በቀር ምንም አይናገርም። መቆሚያዬን ሳልጨርስ ዝም አለኝ ማለት ነው። አብራኝ የነበረችው ልጅ ክንዷን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችልኝ። በእሷ ኮምፒውተር ቆጥሬ ወጣሁ።

አንድ ሺህ ዶላር ገደማ አጠራቅሜያለሁ። ምን ልግዛ? ሌላም ጥያቄ አለኝ። በየሁለት ወሩ ወደ ቤት እመጣለሁ። ከባሕር ወጥቶ ደብረ ብርሃን መግባት ከዚህ ምርጫ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ጥልቁ፣ ኅዳር 18 ማታ 3:40

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ቀይ ባሕር ላይ ቴክኒካል ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ያ የተቆለፈብሽ ዕቃ አልተበላሸም። የተሠራው ዴኮ ውስጥ ለማይገባ ሰው ነው፤ ዴኮ ማለት ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን እንዲወጣ እየቆሙ መውጣት ግድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ገደቡን ስታልፊ ይቀጣሻል። ቴክኒካል ላይ ግን እንዲህ ያለ ቅጣት አደጋ ነው። ስሌቱን በጣም በምትፈልጊበት ደቂቃ ነው የሚነጥቅሽ። ስለዚህ ሱቅ ገብተሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ስሳሳት ምን ያደርጋል?» ብለሽ ይሁን። ደህናው ኮምፒውተር ስትሳሳቺም እያሰላ መውጫውን ያሳይሻል።

ቀጥሎ የጋዝ ለውጥ ነው። ታች በአንዱ ትተነፍሻለሽ፤ 21 ሜትር ላይ ወደ 50 በመቶው ትቀይሪያለሽ። መቀየርሽን ለኮምፒውተሩ ካልነገርሽው መቆሚያውን ያረዝመዋል። ይሄ ብዙም አይከፋም። የሚከፋው ሳትቀይሪ ቀይሬያለሁ ስትይው ነው። ያኔ ያሳጥርብሻል። ስለዚህ መቀየሪያው በጓንት፣ በሁለት ሦስት ጭነት የሚያልቅ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ጓንት አድርገሽ ሞክሪው፤ ማንም አይከለክልሽም።

ስም ጥቀስ ካልሽኝ፣ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሚይዙት የካናዳውን ሺርወተር ነው። ፔሬግሪን የሚባለው ርካሹ ሦስት ናይትሮክስ (ኦክሲጅን የተጨመረበት አየር) ይቀበላል፤ ለመጀመሪያው ኮርስሽ ይበቃል። ሂሊየም ግን አያውቅም። ነገ 60 ሜትር ማለትሽ አይቀርም፤ ያኔ ድጋሚ ልትገዢ ነው። ፐርዲክስ 2 ትራይሚክስም (ሂሊየም ያለበትን ድብልቅ) ያሰላል፤ እስከ 260 ሜትር ይችላል፤ ቁጥሩ ደግሞ ትልልቅ ነው። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው።

ዱባይ_ያለሁ፣ ኅዳር 18 ማታ 4:05

የእጅ ሰዓት ዓይነቶቹስ? እኔ ጋርሚን ዴሰንት ነው ያለኝ። ትራይሚክስ ይሠራል፣ ጂፒኤስ አለው፣ ስሮጥም አደርገዋለሁ። ሺርወተርም ቴሪክ የሚባል ሰዓት አለው። ቢሮም ታደርጊዋለሽ፣ ባሕርም ትገቢበታለሽ።

ጥልቁ፣ ኅዳር 18 ማታ 4:20

ወንድሜ፣ ያንተም ጥሩ ዕቃ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ እህታችን የተቸገረችው ቁጥር ማየት ነው። ሰዓት መቼም ሰዓት ነው፣ ፊቱ ትንሽ ነው። 45 ሜትር ላይ ናይትሮጅን ጭንቅላት ሲያደነዝዝ ትልቅ ቁጥር ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ሰዓቶቹ የሚሠሩት በቻርጅ ነው። ፐርዲክስ አንድ ኤኤ ባትሪ ነው የሚፈልገው፤ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባውን ማለት ነው። ጀልባ ላይ ጄኔሬተር ጠፍቶ ስንት ሰው ጠለቃ እንዳመለጠው አይቻለሁ።

ጓሳ፣ ኅዳር 19 ጠዋት 1:30

የመንዝ ልጅ ነኝ፤ መሐንዲስ ነኝ። ዳይቪንግ ብዙም የለኝም፣ ሒሳቡን ግን እወደዋለሁ። ስለ ስሌቱ ትንሽ ልጨምር። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ይመስለኛል።

አሁን አብዛኛው የቴክኒካል ኮምፒውተር የሚያሰላው የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን በቀመረው ነው። ሰውነትን 16 ቦታ ይከፍለዋል። አንዳንዱ በ4 ወይም በ5 ደቂቃ በናይትሮጅን ግማሽ ይሞላል፤ የመጨረሻው 635 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከአሥር ሰዓት በላይ። ይህን 635 ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚህ ላይ ኤሪክ ቤከር የሚባል ሰው ግራዲየንት ፋክተር ጨመረበት። ሁለት ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 30/70። ቡልማን «ከዚህ አትለፉ» ያለው መስመር 100 ነው እንበል። 30ው የመጀመሪያውን መቆሚያ ይወስናል፤ ወደ መስመሩ 30 በመቶ ሲቀርብ ያስቆምሻል። 70ው ደግሞ ከውሃ ስትወጪ ምን ያህል እንደምትጠጊው ይወስናል። ቁጥሩን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ኮምፒውተር ስትገዢ ይህን በግልጽ የሚያሳይና የሚያስቀይር ግዢ። አንዳንዱ «ጠንቃቃ፣ መካከለኛ፣ ደፋር» ብቻ ይልሻል። በውስጡ ምን እንዳለ ካላወቅሽ ከጓደኛሽ ኮምፒውተር ጋር ማስተያየት አትችዪም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ድሮ ጥልቅ ላይ ቶሎ መቆም ይሻላል ይባል ነበር፤ 10/90 የሚሞሉ ነበሩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሙከራ 52 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ ያስቆያል። መውጫው ጠቅላላ ጊዜ እኩል ሆኖ፣ ጥልቅ ላይ የቆሙት ናቸው ከውሃ ሲወጡ በሚመጣው የአረፋ ሕመም የበለጠ የታመሙት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ከፍ አድርጓል።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን። ቡልማን የአገሩ ተራራ ሐይቆች ጉዳይ ስለነበረው ከፍታን ከመጀመሪያው አስገብቶ ነው የቀመረው። ይህ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው። ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ውሃዬን ጠጥቼ ባዶውን ሃይላንድ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ደብረ ሲና ስንደርስ ጎኑ ገባ ገባ ብሏል። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሰው የጨበጠው ነው የሚመስለው። ሒሳቡን ሠራሁት፤ አንድ አምስተኛው ጠፍቷል። ማንም አልነካውም። የአየሩ ክብደት ነው። አሁን ያንን ገልብጪው። ከታች ወደ ላይ ስትመጪ በደምሽ ውስጥ ያለች ትንሽ አረፋ ትነፋለች።

ጅቡቲ ባሕሩ ዳር የአየሩ ግፊት 1,010 ሚሊባር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ 720 አካባቢ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ2,438 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ነው የሚደረገው። ስለዚህ ቤትሽ ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። ብዙ ኮምፒውተር ላይ የአውሮፕላን ምልክት ሲጠፋ «አሁን መብረር ይቻላል» ነው የሚለው። ጣርማ በርን አያውቅም።

ጋሼ_ምፅዋ፣ ኅዳር 19 ማታ 1:10

ልጆች፣ ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የደብረ ሲና ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበርኩ። ያኔ ኮምፒውተር የለም። የእጅ ሰዓት፣ የጥልቀት መለኪያና በፕላስቲክ የተሸፈነ ሠንጠረዥ ነበር ያለን።

በ1978 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመርከብ ሥር ሥራ ነበረን። ሁለት ጊዜ ወረድን። በሠንጠረዡ መሠረት ምንም አላጠፋንም። ከሰዓት በኋላ አሥመራ የሚሄድ መኪና ተገኘና ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ተሳፈርኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጊንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ የቀኝ ክርኔ ከበደኝ። ነፋሲት ላይ ጥርስ ሕመም ክንድ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። የሚነካኝ ነገር የለም፣ እብጠት የለም። አሥመራ ሆኜ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ከውሃ ስወጣ ጤነኛ ነበርኩ። ያመመኝ ዳገቱ ነው። ያቺ ክንድ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ትናገራለች። የኔ ልጅ፣ የምትገዢውን ግዢ። ግን ባሕር ከወጣሽ በኋላ ለዳገቱ ጊዜ ስጪው።

በሬሳ_ማዶ፣ ኅዳር 19 ማታ 2:30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ታሪክ ሁለቴ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደንግጫለሁ።

ዕቅዴን ልንገራችሁ። የኮርሱ የመጨረሻ ጠለቃ ጥር 9 ጠዋት ነው። እናቴ ደግሞ ለጥምቀት ካልመጣሽ ብላለች፤ ከተራን ቤት መዋል አለብኝ። ስለዚህ ጥር 9 ከሰዓት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተነስተን፣ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርገን ሌሊቱን እየነዳን ጥር 10 ከቀትር በፊት ደብረ ብርሃን ልንገባ ነበር። ይህንኑ መንገድ ከመዝናኛ ጠለቃ በኋላ ስንት ጊዜ ሄጄዋለሁ! ምንም አልሆንኩም። ግን ምንም አለመሆኔ ዕድል ነበር ማለት ነው?

ሮቢት_ልጅ፣ ኅዳር 19 ማታ 2:50

ሸዋ ሮቢት እደሪያ! 1,280 ሜትር ብቻ ነው። ሙቅ ነው፣ ማንጎ አለ፣ የኛ ቤትም አለ። አንድ ሌሊት አርፈሽ ጠዋት ወደ ደብረ ሲና ትወጫለሽ።

ጓሳ፣ ኅዳር 19 ማታ 3:05

ግብዣህ ከልብ ነው፣ ግን አይሠራም ወንድሜ። በዚያ መንገድ ሸዋ ሮቢት ከመድረሷ በፊት ባቲንና ኮምቦልቻን ትወጣለች። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ሮቢት ላይ የምታርፈው ከወጣች በኋላ ነው። ማረፍ ያለባት ጅቡቲ ነው፣ ባሕሩ ዳር።

635 ያዢልኝ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ያ ቀርፋፋው ክፍል በአሥር ሰዓት ግማሹን ብቻ ነው የሚለቅቀው። በሌላ አሥር ሰዓት ከቀረው ላይ ግማሹን። የአንድ ሳምንት ኮርስ በየቀኑ ሲሞላው ቆይቶ በአንድ ሌሊት አይጠራም።

ነርስ_ደብረሲና፣ ኅዳር 20 ጠዋት 3:00

ከሙያዬ አንጻር ትንሽ ልበል። ዳን የሚባለው የዳይቨሮች የጤና ድርጅት ከመብረር በፊት አንድ ቀላል ጠለቃ ከሆነ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከሆነ 18 ሰዓት ቆዩ ይላል። የዴኮ ጠለቃ ከሆነ ከ18 በጣም የበለጠ ይሁን ይላል። ይህም ለአውሮፕላን ከፍታ ነው። የአንቺ መንገድ ከዚያ ያልፋል።

በመንገድ ላይ መገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የማይገባ ድካም፣ ቆዳ ላይ ዥንጉርጉር ነገር፣ ወይ ሽንት መያዝና ማዞር ከመጣ «ደክሞኝ ነው» ተብሎ አይተኛም። ኦክሲጅን ነው የሚሰጠው፤ መቶ በመቶ የሆነ፣ ቶሎ። ወደ ላይ መቀጠል የለም። ጤና ተቋም ስትገቢ ደግሞ «ጠልቄ ነበር» ብለሽ ራስሽ ተናገሪ። እኛ አካባቢ ክርኗን ያመማት ልጅ ስትመጣ ባሕር የሚያስብ ሐኪም የለም። ወድቀሽ ነው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅሽ።

ፀሐይ_ሞቄ፣ ኅዳር 20 ቀን 6:40

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ባሕር በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? በዚህ ብር እኮ ደብረ ብርሃን ትንሽ ሱቅ ይከፈትበታል።

በሬሳ_ማዶ፣ ኅዳር 20 ማታ 1:45

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ ሳለሁ በሬሳ ወንዝ ሞልቶ የሰፈራችንን ልጅ ወሰደው። ወንዶቹ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ሦስት ቀን ፈለጉት። አንድም ጠላቂ አልነበረም። ሐምሌ ነበር፤ ቆመን የምናየው ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። መዋኘት የተማርኩት ለዚያ ነው፤ ከዚያ ውሃው እየሳበኝ ሄደ። አንድ ቀን ይህን ሙያ ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ።

ጥልቁ፣ ኅዳር 20 ማታ 2:20

እህቴ፣ ሐሳብሽን አከብራለሁ። ግን በጊዜ ልንገርሽ፤ የጎርፍ ወንዝ ፍለጋ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ገመድ ይዞ ከላይ የሚመራ ሰው ይፈልጋል፤ ዓይን የማያይበት ሥራ ነው። የቴክኒካል ኮርስ እሱን አያስተምርም። ይህን ጨርሰሽ እሱን ለብቻው ተማሪ።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። አንድ አይበቃም። ውሃ ውስጥ ቢጠፋ በምን ትወጫለሽ? ሁለተኛ ከሌለሽ መውጫ ዕቅድሽን ውሃ ውስጥ በሚያዝ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ፣ የጥልቀት መለኪያና ሰዓት ይዘሽ ትወርጃለሽ። ልክ እንደ ጋሼ። ያ የተቆለፈብሽ አሮጌ ኮምፒውተርም አይጣል። ጥልቀትና ሰዓት ብቻ በሚያሳይበት ሁኔታ አድርጊው፤ መለኪያሽ እሱ ይሆናል። ያኔ መቆለፍ የለም።

ዕቅዱን ለመሥራት ሰብሰርፌስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስን የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው የጀመረው። ጥልቀቱን፣ ጋዙን፣ ግራዲየንት ፋክተሩን፣ የአየሩን ግፊት ትሞዪበታለሽ፤ መቆሚያዎቹን ያወጣልሻል። ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ቁጥርና ፕሮግራሙ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ይሁን። 30/70 እና 40/85 ቀላቅለሽ ሁለት የተለያየ መውጫ ይዘሽ እንዳትወርጂ።

ቢሾፍቱ_ሆራ፣ ኅዳር 21 ጠዋት 4:10

እኛ ጋ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ለመጥለቅ ቢመጡስ? እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፣ ቅርብ ነው።

ጓሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 7:00

ይቻላል፣ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ነገር ይታይ። ውሃው ጨዋማ ሳይሆን ጨው አልባ ተብሎ ይሞላ፤ ካልሆነ ጥልቀቱን ጥቂት አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ከፍታው ደግሞ በራሱ እንዲለካ ይተው፤ «የባሕር ወለል» ላይ ከተቆለፈ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ጅቡቲ ያለ ይመስለዋል። የመቆሚያው ጊዜ ያጥርበታል። ሌላው፣ ከቢሾፍቱ ደብረ ብርሃን መመለስም ዳገት ነው፤ ከ900 ሜትር በላይ።

በሬሳ_ማዶ፣ ጥር 14 ማታ 2:00

እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ፐርዲክስ 2 ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ጓንት አድርጌ ጋዝ ቀየርኩበት፤ ሻጩ ገርሞት ቆሞ ያየኛል። 40/85 ላይ ሞላሁት፤ አስተማሪዬም እሱኑ ነው የሚጠቀመው። አሮጌውን በግራ እጄ፣ አዲሱን በቀኝ።

አምስተኛው ጠለቃ ላይ 45 ሜትር 20 ደቂቃ ቆየን። ስንወጣ 21 ሜትር ላይ ጋዝ ቀየርኩ። 6 ሜትር ላይ ማዕበሉ እንደዚያን ቀን ያነሳኝ ጀመር። አንዴ 5 ሜትር ከግማሽ ላይ ደረስኩ። ቁጥሩ ቀይ ሆነ። ዝቅ ስል ቀይነቱ ጠፋና ስሌቱ ቀጠለ። በቃ፤ አልቀጣኝም። መነጽሬ በዚህኛውም ጠለቃ ጭጋግ ነበረው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

ዕቅዱንም ቀየርኩ። አስተማሪዬን ለምኜ የመጨረሻውን ጠለቃ ወደ ጥር 7 አመጣነው። ጥር 8 ቀኑን ሙሉ ጅቡቲ ቢሮ ዋልኩ፤ ጥር 9 ንጋት ላይ ተነሳን። ኮምቦልቻ አደርን። እናቴ ለምን ሌሊቱን እንዳልነዳን አልገባትም ነበር። የጋሼን ክንድ ነገርኳት፣ ገባት።

ጓሳ፣ ኮምፒውተሩን መኪናው ላይ ከፍቼ ይዤው ነበር። ጅቡቲ 1,011 ሚሊባር። ኮምቦልቻ ጠዋት 818። ሸዋ ሮቢት 873። ጣርማ በር ላይ መኪናውን አስቆምኩና ጃኬቴን ለብሼ ወረድኩ፤ ጉሙ አምስት እርምጃ አያሳይም፤ ከ700 በታች ነበር። ቤት ስገባ እናቴ ቡና እያፈላች 722። ሕመም የለኝም፤ ክርኔን ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩት አትጠይቁኝ።

ጋሼ_ምፅዋ፣ ጥር 14 ማታ 2:25

ተመስገን። ደብረ ሲና ስታልፊ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ስትመለሺ ቤት ግቢ፤ የድሮውን ሠንጠረዤን አሳይሻለሁ፣ አሁንም አለኝ።

በሬሳ_ማዶ፣ ጥር 14 ማታ 2:40

ጋሼ፣ ጥር 16 እመለሳለሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደጅዎ ነኝ። ከጠለቅኩ ብዙ ቀን ስላለፈ ችግር የለውም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ጥልቁ ካለህ መልስልኝ። ጠባሴ ካለው ሱቅ ተራ ኤኤ ባትሪ ገዝቼ ባስገባ፣ የያዘውን የጠለቃ ስሌት ያጠፋዋል?

ጥልቁ፣ ጥር 14 ማታ 3:15

ቶሎ ከቀየርሽው አያጠፋውም። ተራው አልካላይንም ይሠራል፤ ቀድሞ ስለሚያልቅ ግን ለጠለቃ ሊቲየም ያዢ። ስትከፍቺው ጎማዋን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊያት፤ አንዲት ጸጉር እንኳ ትታ ውሃ ታስገባለች።